በ56 ነጥብ ወደ ሶሊሲተርነት፦ አንድ የሙያ ለውጥ ከማመልከቻ እስከ መዝገብ

በ2022 መገባደጃ ሶሊሲተር፣ ማለትም ደንበኞችን የሚያማክርና ጉዳያቸውን የሚይዝ ጠበቃ፣ ለመሆን የፈለገች አንዲት ሴት ለ11 ትልልቅ የለንደን የሕግ ቢሮዎች አመለከተች። አራቱ ሁለት ቀን ሳይሞላ ውድቅ አደረጓት፤ ከአራቱ የአንዱ ኢሜይል የደረሳት ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ የሚያነብ ጠበቃ የለም። ያነበበው ቅጹ ራሱ ነው፦ «የዲግሪ ውጤት» በሚለው ሣጥን «ቱ-ቱ» (ከ50 እስከ 59 ነጥብ) ብላ ስትመርጥ ማጣሪያው ዘጋባት። ሦስት ሳምንት የደከመችባቸው ድርሰቶች ማንም ሳይከፍታቸው ቀሩ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጀምሮ ስሟ በሶሊሲተሮች መዝገብ እስከ ገባበት እስከ ጃንዋሪ 2026 ያለውን መንገድ ይከተላል። ማንነቷን የሚጠቁም ነገር አልገባበትም። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሕጉ የእንግሊዝና የዌልስ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

ሴትዮዋ ያን ጊዜ 31 ዓመቷ ነበር። በለንደን አንድ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ውስጥ የኪራይ ውዝፍ በሚከታተለው ክፍል 5 ዓመት ሠርታለች። ዲግሪዋ ባዮሎጂ ሲሆን በ2013 የተመረቀችው በ56 ነጥብ ነው። በአገሩ ስያሜ 70 እና ከዚያ በላይ «ፈርስት»፣ ከ60 እስከ 69 «ቱ-ዋን»፣ ከ50 እስከ 59 «ቱ-ቱ»፣ ከ40 እስከ 49 «ተርድ» ይባላል። ትልልቆቹ ቢሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ቱ-ዋን ነው። የጎደላት 4 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ግን 4 ጎደለ 14 ጎደለ ለውጥ የለውም።

የከለከላት ማነው?

የመጀመሪያው ስህተቷ የቀጣሪን መስፈርት የሙያው መስፈርት አድርጋ መውሰዷ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ በአጭሩ ኤስ.አር.ኤ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው። በማንኛውም ትምህርት የተገኘ ዲግሪ ወይም አቻው፤ ኤስ.ኪው.ኢ የሚባለውን ባለ ሁለት ደረጃ ፈተና ማለፍ፤ የሁለት ዓመት ብቁ የሥራ ልምድ፤ የባሕርይና የተገቢነት ምርመራ። ከአራቱ አንዱም የዲግሪውን ነጥብ አይጠይቅም። በ40 የተመረቀም በ75 የተመረቀም ለተቆጣጣሪው እኩል ባለ ዲግሪ ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ኤል.ፒ.ሲ የሚባለውን ኮርስ የጨረሰ ሰው «ትሬኒንግ ኮንትራክት» (የሥራ ላይ ሥልጠና ውል) የሚሰጠው ቢሮ ካላገኘ በአብዛኛው እዚያው ይቆም ነበር፤ ቁልፉ በቀጣሪው እጅ ነበርና። ኤስ.ኪው.ኢ ያንን ቁልፍ ከአንድ እጅ አውጥቶ በትኖታል። የሥራ ልምዱ እስከ አራት በሚደርሱ ድርጅቶች ሊጠራቀም ይችላል። ደመወዝ ያለውም የሌለውም ይቆጠራል፤ ከፈተናው በፊትም በኋላም ሊሠራ ይችላል። የድሮው መንገድ በሽግግር ድንጋጌ እስከ 2032 መጨረሻ ክፍት ቢሆንም የሚያገለግለው ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ለጀመሩት ነው፤ እሷን አይመለከትም።

እንግዲህ 56 ነጥቧ የሚዘጋባት አንድ በር ነው፦ በቅጽ የሚያጣራ ትልቅ ቢሮ። ያንኑ በር ዓመት ሙሉ ስታንኳኳ ብትከርም 56 ወደ 60 አይለወጥም። ሌሎቹ መግቢያዎች ላይ ደግሞ ገና እጇን አላሳረፈችም ነበር።

ትራንስክሪፕቱ ምን ይላል

ከዩኒቨርሲቲዋ የየዓመቱን ዝርዝር ውጤት አስወጣች። ሁለተኛ ዓመት 62፣ ሦስተኛ ዓመት 52። ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛውን ዓመት 40 በመቶ፣ ሦስተኛውን 60 በመቶ ስለሚመዝን 24.8 እና 31.2 ተደምረው 56 ይሆናሉ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የቱ-ዋን ተማሪ እንደነበረች ወረቀቱ ይመሰክራል። በሦስተኛው ዓመት እናቷ በጠና ታመው ነበር፤ እሷም በሳምንት ሦስት ሌሊት ሆስፒታል ታድር ነበር። በጊዜው ለዩኒቨርሲቲው ስላላሳወቀች በመዝገብ የተያዘ ማቃለያ ምክንያት የላትም።

የመጀመሪያው የማብራሪያ ጽሑፏ 410 ቃል ነበር። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐዘኑ፣ ስለ ቤተሰቡ ይተርካል፤ ስለ ውጤቷ የሚናገረው በመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነው። አንባቢ ያዝንላታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው የለም። ተቆርጦ ወደ 70 ቃል የወረደው ጽሑፍ አራት ነገር ብቻ ይዟል፦ የሁለተኛ ዓመት ውጤቷ 62 መሆኑን፤ በሦስተኛው ዓመት ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር የቤተሰብ አስታማሚ እንደነበረችና የሆስፒታሉ ደብዳቤ በእጇ እንዳለ፤ ውጤቷ በ10 ነጥብ መውረዱን፤ ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ የሕግ ሰነድ ስታዘጋጅ መቆየቷን። የይቅርታ ቃል አልገባበትም። ቀጣሪ የሚፈልገው ምክንያቱ ማለፉንና ዛሬ የተሻለ ማስረጃ መኖሩን ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ሰውን የሚፈትነው ነጥብን «ማስተካከል» ነው። 59.4ን 60 ብሎ መጻፍ፣ ወይም ቅጹ ሲጠይቅ «ውጤት ገና ነው» ማለት ለብዙዎች ትንሽ ነገር ይመስላል። በዚህ ሙያ ትንሽ አይደለም። የትምህርት ማስረጃን አሳስቶ ማቅረብ የሐቀኝነት ጥያቄ ስለሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም ከመዝገብ ሊያሰርዝ ይችላል። ቱ-ቱ ማንንም ከሙያው አላስወጣም፤ የተዋሸ ቱ-ዋን ግን አስወጥቷል።

በተጨማሪም አንዳንድ ቢሮዎች «ሬር» የተባለው የሠራተኛ ምልመላ ድርጅት በሠራው ዓይነት የአውድ መመዘኛ ይጠቀማሉ። ሥርዓቱ የአመልካቹን የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ከተማረበት ትምህርት ቤት አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ለተቸገረ ትምህርት ቤት ልጅ ጠቃሚ ነው፤ መረጃውን መሙላት ምንም ስለማያስከፍል ሁልጊዜ መሞላት አለበት። የእሷን የዲግሪ ነጥብ ግን አላዳነውም።

የተተዉት መንገዶች

ባሪስተር (በዋነኛነት በፍርድ ቤት የሚከራከር ጠበቃ) መሆን ያጓጓት ነበር፤ ፍርድ ቤት መቆም ትወዳለች። የባሪስተሮች ተቆጣጣሪ ዝቅተኛው መስፈርት ቱ-ቱ ስለሆነ በወረቀት ብቁ ናት። ነገር ግን ባዮሎጂ ያጠና ሰው መጀመሪያ የሕግ መቀየሪያ ኮርስ፣ ቀጥሎ የባር ኮርስ፣ ከዚያ «ፒዩፒሌጅ» የሚባል የ12 ወር የተግባር ሥልጠና ያስፈልገዋል። ኮርሱን የጨረሰ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ፒዩፒሌጅ ካላገኘ የኮርሱ ዋጋ ያበቃል። በዓመት የሚገኘው ቦታ ወደ 500 እና 600 ገደማ፣ አመልካቹ የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ይወጣል፤ እጣው የሚወጣው በኋላ ነው። ሶሊሲተር ደግሞ በካውንቲ ኮርትና በማጅስትሬት በሚባሉት የበታች ፍርድ ቤቶች የመቆም መብት ስላለው ፍላጎቷ በዚያም በኩል ይሟላል። ተወችው።

ማስተርስ ማድረግ ብዙዎች «ነጥቡን ይሸፍናል» ብለው የሚያስቡት ነው። በሰው ዓይን ለሚነበብ ማመልከቻ ጥቂት ይረዳል። ለማጣሪያው ግን የመጀመሪያው ዲግሪ ያው የመጀመሪያው ዲግሪ ነው። አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፦ የኤስ.ኪው.ኢ ዝግጅት ብቻውን የመንግሥት የተማሪ ብድር አያስገኝም፣ ዝግጅቱን የያዘ ሙሉ ማስተርስ ግን ያስገኛል። በ2023/24 ለጀመረ ተማሪ ብድሩ እስከ 12,167 ፓውንድ ነበር። አከፋፈሉ ከ21,000 ፓውንድ በላይ ካለው ገቢ 6 በመቶ ነው፤ 34,000 ለሚያገኝ ሰው በዓመት 780፣ በወር 65 ፓውንድ ማለት ነው። ይህ የሚደመረው በመጀመሪያው ዲግሪ ብድር 9 በመቶ ላይ ነው። እሷ ሁለቱ አብረው ከደመወዟ ሲቆረጡ አስልታ ተወችው። ቁጠባ ለሌለው ሰው ግን መጥፎ ምርጫ አይደለም።

የሶሊሲተር አፕረንቲስሺፕ የሚባለው፣ እየሠሩ የሚማሩበትና ወጪውን ቀጣሪ የሚከፍልበት መንገድ በካውንስሏ አልነበረም። ዛሬ ጥያቄው ራሱ ተለውጧል፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የደረጃ 7 አፕረንቲስሺፕ የመንግሥት ገንዘብ ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 21 ለሆኑ በአብዛኛው በመወሰኑ፣ በሠላሳዎቹ ሙያ የሚቀይር ሰው ከዝርዝሩ ወጥቷል ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ዓመታት የት ተገኙ

የጉዳዩ ዋና ክፍል ይህ ነው።

የውዝፍ ክፍል ሠራተኛ ሥራ ከውጭ ሲታይ ዕዳ መሰብሰብ ነው። ከውስጥ ግን ግማሹ ሕግ ነው። ለካውንስል ተከራይ ቤቱን ለማስለቀቅ ክስ ከመመሥረቱ በፊት በ1985ቱ የቤቶች ሕግ አንቀጽ 83 መሠረት ማስታወቂያ መሰጠት አለበት። የቅድመ ክስ ፕሮቶኮሉ ተከራዩን ማነጋገርን፣ አቅሙን ያገናዘበ የክፍያ ስምምነት መሞከርን፣ የድጎማ ማመልከቻው እንዲያልቅ መርዳትን ያዛል። ከቀጠሮው ቢያንስ 10 ቀን በፊት የታደሰ የኪራይ መግለጫ ለተከራዩ መድረስ አለበት። ክሱ የሚቀርበው በቅጽ ኤን 5 እና በቅጽ ኤን 119 ነው። ውዝፍ መኖሩ ብቻ ስለማይበቃ ዳኛው ማስለቀቁ ምክንያታዊ መሆኑን ማመን አለበት። በ1984ቱ የካውንቲ ኮርቶች ሕግ አንቀጽ 60 ደግሞ ሥልጣን የተሰጠው የካውንስል ሠራተኛ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ፍርድ ቤቱን ማነጋገር ይችላል። እሷም ወር ሳይታለፍ ታነጋግር ነበር። ለ11ዱ ቢሮዎች በላከችው ሲቪ ላይ ግን ይህ ሁሉ «ከደንበኞች ጋር መግባባት» በሚል አንድ መስመር ተጨፍልቋል።

በፌብሩዋሪ 2023 የካውንስሉ የሕግ ክፍል የፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ክፍት ቦታ አወጣ። የውስጥ ማመልከቻው የሚጠይቀው «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» ነው፤ ነጥብ የሚሞላበት ሣጥን የለውም። ለቃለ መጠይቁ ስም የተሰረዘባቸው ሁለት ፋይሎች ይዛ ሄደች፦ አንዱ ፕሮቶኮሉ በትክክል የተከበረበት፣ ሌላው የኪራይ መግለጫው ዘግይቶ በመድረሱ ዳኛው ቀጠሮ የለወጠበት። የተቀጠረችው በሁለተኛው ፋይል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ስህተቱ የት እንደተፈጠረና ሂደቱን እንዴት እንዳስተካከለች በሁለት ደቂቃ አስረዳች። ደመወዟ በዓመት 2,900 ፓውንድ ወረደ። ኤፕሪል 3 ቀን 2023 ሥራ ጀመረች።

ብቁ የሥራ ልምድ ሆኖ የሚቆጠረው የሕግ አገልግሎት በመስጠት የተገኘና በኤስ.አር.ኤ የብቃት መግለጫ ውስጥ ካሉት ችሎታዎች ቢያንስ ሁለቱን ለማዳበር ዕድል የሰጠ ሥራ ነው። የሚያረጋግጠው የእንግሊዝና ዌልስ ሶሊሲተር ወይም የድርጅቱ የደንብ አከባበር ኃላፊ ነው። የሚያረጋግጠውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የቆይታውን ርዝመት፣ ሥራው ችሎታ የማዳበር ዕድል መስጠቱን፣ የባሕርይ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር አለመኖሩን። «ይቺ ሰው ጎበዝ ናት» ብሎ መፈረም አይጠበቅበትም። ይህን የማያውቁ የሥራ አለቆች ብዙ ናቸው። የእሷም አለቃ መጀመሪያ ላይ «ብቃትሽን ለመመስከር ገና ነው» ብሎ አመነታ፤ የኤስ.አር.ኤን መመሪያ አትማ ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት ነገሩ በአንድ ስብሰባ አለቀ።

ሁለት ጊዜ ግን እንቅፋት መታት።

አንደኛው የቀድሞው ክፍሏ ነው። በውዝፍ ክፍል ፍርድ ቤት የተመላለሰችበት 14 ወር እንዲቆጠርላት ጠየቀች። የሕግ ክፍሉ ሶሊሲተር አልፈርምም አለ፣ ልክም ነበር፦ ሥራዋን በጊዜው አላየውም፣ አስተያየትም አልሰጠባትም። የውጭ ሶሊሲተርም ቢሆን ማረጋገጥ የሚችለው ሥራውን በቀጥታ ሲያውቀው ነው። በዚያን ጊዜ በየወሩ አንድ ሶሊሲተር ፋይሎቿን እያየ አስተያየት እንዲሰጣት ብታደርግ ኖሮ 14ቱ ወር ምናልባት ባልጠፋ ነበር። ዛሬ ከሕግ ሥራ አጠገብ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው ነገ ጠዋት መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

ሁለተኛው የሕግ ማዕከል በጎ ፈቃደኝነቷ ነው። በ2022 በሳምንት አንድ ቀን ለ43 ሳምንት አገልግላለች። 43 ቀን ለ5 ሲካፈል 8.6 የሥራ ሳምንት፣ ወደ ሁለት ወር ይሆናል። የምትቆጣጠራት ሶሊሲተር ግን ማዕከሉን ለቅቃ ሄዳ ነበር። እሷን ፈልጎ ለማግኘት አራት ወር ፈጀ። ዕድለኛ ሆና በየሳምንቱ የጻፈችው ማስታወሻ ነበራት፤ ሶሊሲተሯ ቀኖቹን ያስታወሰችው በእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ልማዷ ይህ ሆነ፦ ዓርብ ከሰዓት 20 ደቂቃ፣ በአራት ዓምድ ሠንጠረዥ፦ ቀን፣ የሠራሁት፣ የተነካው ችሎታ፣ ተቆጣጣሪዬ ያለኝ። የደንበኛ ስም አይገባበትም። በየሦስት ወሩ ተቆጣጣሪዋ አንብቦ በኢሜይል «አይቻለሁ» ይላታል።

ሁለቱ ወር ሲያዝላት ከሕግ ክፍሉ 22 ወር በቃት፤ በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ላይ ሞላ።

ፈተናው ላይ የወደቀችበት ምክንያት

ኤስ.ኪው.ኢ 1 ሁለት ወረቀት አለው። እያንዳንዳቸው 180 ጥያቄ ይይዛሉ፤ ከአምስት አማራጭ አንድ የተሻለውን መምረጥ ነው፣ መጽሐፍ አይገባም፣ ለስህተት ነጥብ አይቀነስም። የመጀመሪያው ወረቀት የንግድ ሕግን፣ ክርክር አፈታትን፣ ውልን፣ ከውል ውጭ ኃላፊነትን፣ ሕገ መንግሥትን ይይዛል። ሁለተኛው የንብረት ዝውውርን፣ ኑዛዜና ውርስን፣ የሶሊሲተር ሒሳብን፣ የመሬት ሕግን፣ ትረስትን (ንብረትን ለሌላ ሰው በአደራ መያዝን)፣ ወንጀልንና ሥነ ሥርዓቱን። የሙያ ሥነ ምግባር በሁለቱም ውስጥ ተበትኗል።

በሳምንት 14 ሰዓት ለ43 ሳምንት፣ ወደ 600 ሰዓት አጥንታ በጁላይ 2024 ተፈተነች። አንደኛውን በ312 አለፈች፣ ሁለተኛውን በ287 ወደቀች፤ ማለፊያው ከ500 ላይ 300 ነው። በዚያ ዙር ከተፈታኙ ሁሉ ያለፈው 44 በመቶ ነበር። በዲግሪዋ ነጥብ ያፈሩባት ጓደኞቿ «አየሽ» ማለታቸው አልቀረም። ምክንያቱ ግን ከ2013ቱ ውጤት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሲመረመር ሦስት ነገር ወጣ።

አንዱ ጊዜ ነው። አንዱ ወረቀት በሁለት ክፍል ስለሚሰጥ 90 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ማለት ለአንዱ ጥያቄ 102 ሴኮንድ ነው። እሷ ቤት ስትለማመድ ሰዓት አትይዝም ነበር፤ በፈተናው ቀን በመጨረሻው ክፍል 11 ጥያቄ በግምት ሞላች። ሁለተኛው የርዕስ አከፋፈሏ ነው፦ ወንጀልና የመሬት ሕግ ስለጣማት ወራት ሰጠቻቸው፤ ትረስት፣ ውርስና የሶሊሲተር ሒሳብ ሦስት ሳምንት ቀሯቸው። ሦስተኛው ሲነገር ያስቃል፣ ሲደርስ ግን አያስቅም። የውርስ ማስታወሻዋን ከ2022 ተፈታኝ በርካሽ ነበር የገዛችው። ያለ ኑዛዜ ለሞተ ሰው የትዳር ጓደኛ የሚደርሰው ቋሚ ድርሻ በዚያ ማስታወሻ 270,000 ፓውንድ ነው። ከጁላይ 26 ቀን 2023 ጀምሮ ግን 322,000 ሆኗል። ፈተናው የሚይዘው ከፈተናው አራት ወር በፊት በሥራ ላይ የነበረውን ሕግ ስለሆነ አሮጌው ቁጥር በቀጥታ ስህተት ነው፤ ከአምስቱ አማራጮች መካከል ደግሞ አሮጌው ቁጥር የሚሰጠው ስሌት ደጅ እየጠበቀ ይቀመጣል።

ሙከራው በ6 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የወደቀችበትን ወረቀት ብቻ ደግማ ለመፈተን ለጃንዋሪ 2025 ተመዘገበች። ጥናቷን ገለበጠችው፦ ማንበብ ሲሶ፣ ጥያቄ መሥራት ሁለት ሲሶ። ሁልጊዜ 30 ጥያቄ በ51 ደቂቃ። የሳተችውን ሁሉ በምክንያቱ መደበችው፦ ሕጉን አላውቀውም፤ ጥያቄውን አሳስቼ አነበብኩ፤ በሁለት መካከል ተሳስቼ መረጥኩ። በስድስተኛው ሳምንት ከስህተቶቿ ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ምድብ ውስጥ መሆናቸውን አየች፤ መድኃኒቱ ተጨማሪ ንባብ ሳይሆን የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ማንበብ ነበር። በማርች 318 ይዛ አለፈች።

ኤስ.ኪው.ኢ 2 በጁላይ 2025 ነበር፦ 12 የጽሑፍና 4 የቃል ሥራዎች፣ ለሕጉና ለክህሎቱ እኩል ክብደት። የቃል ክርክሩ 45 ደቂቃ ዝግጅትና 15 ደቂቃ ንግግር ነው፤ ካውንቲ ኮርት ያሳለፈቻቸው ዓመታት እዚህ ላይ ዋጋቸውን ከፈሉ። የተቸገረችው ደንበኛን 25 ደቂቃ አነጋግሮ ወዲያው በ25 ደቂቃ ማስታወሻውን በእጅ በመጻፉ ነው። ለዓመታት በእጇ ከግማሽ ገጽ በላይ አልጻፈችም ነበር፤ ጣቷ ቀድሞ ደከመ። ከፈተናው በፊት ስምንት ሳምንት በየሁለት ቀኑ በእስክርቢቶ መለማመዷ አድኗታል።

ገንዘቡና አሮጌው ዕዳ

የትርፍ ጊዜ ዝግጅት ኮርሱን 3,900 ፓውንድ በ10 ክፍያ ከፈለች። የጁላይ 2024 ኤስ.ኪው.ኢ 1 ዋጋ 1,798፣ የአንዱ ወረቀት ድጋሚ 944 ነበር። ከኪሷ 6,642 ወጣ። የኤስ.ኪው.ኢ 2ን 2,902 ካውንስሉ ከፈለላት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከለቀቀች ልትመልስ ፈርማለች። ዛሬ የሚጀምር ሰው ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ያለውን ዋጋ፣ 1,934 እና 2,974 ፓውንድ፣ ይዞ ያስላ። የሕግ ሶሳይቲ የብዝኃነት ድጋፍ መርሐ ግብርም አለ፤ እሷ አላመለከተችም፣ ማመልከት ነበረባት።

የመጨረሻው ነገር የባሕርይ ምርመራው ነው። በ2016 በስልክ ኮንትራት ምክንያት የ640 ፓውንድ የካውንቲ ኮርት ፍርድ ተፈርዶባት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከፍላዋለች፤ እንዲህ ያለ ፍርድ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ በመዝገብ ላይ 6 ዓመት ስለሚቆይ በ2022 ጠፍቷል። ጠፍቷልና ልተወው ወይ? አልተወችውም። የገንዘብ አያያዝ በምርመራው ውስጥ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ደረሰኙንና የአንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዛ ገለጸች፤ ተጨማሪ ጥያቄ አልመጣባትም። የከበደ ነገር ያለበት ሰው ደግሞ ገንዘቡን ሳያወጣ ቅድመ ግምገማ መጠየቅ ይችላል።

የፈተናው ውጤት በኖቬምበር 2025 መጣ፣ በጃንዋሪ 2026 መዝገብ ገባች። ዛሬ በዚያው ካውንስል የቤቶች ጉዳይ ሶሊሲተር ናት። በ2022 የተመኘችው የትልልቅ ቢሮ የንግድ ንብረት ሥራ አልተገኘም፤ ባለፈው ወር የተመለከተችው የአንዱ ቢሮ ቅጽ ለተመዘገበ ሶሊሲተርም ጭምር አሁንም የዲግሪ ነጥብ ይጠይቃል። የቤቶች ሕግ የሚሠሩ ሁለት የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ግን ለቃለ መጠይቅ ጠርተዋታል። አንደኛው ስለ 56ቱ ጠየቃት፤ 70 ቃሏን በቃሏ አለችው፣ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስለ አንቀጽ 83 ማስታወቂያ ነበር።